ወደ ባንዲራው የቀረበ ሰው የለም

ይህ የምነግራችሁ ታሪክ ከራሱ እስከ ጭራው እውነት ነው። ከዋሸሁ ከዛሬ ጀምሮ የምጠራው ጀልባ ሁሉ ባዶውን ይሻገር፤ ጉሮሮዬም እንደ አሮጌ ሞተር ይንከስ። ይህን ያህል የምምለው ወድጄ አይደለም። በሐይቁ ዳር «እጥፍ» ይሉኛል፤ አንዱን ሁለት አድርጎ ያወራል ብለው። ሥራዬ ተሳፋሪ መጥራት ነው። ጀልባው ውስጥ ዝንብ እንኳ ሳይኖር «ሞልቷል! አንድ ሰው ብቻ! የመጨረሻ!» ስል እውላለሁ። እንዲህ ሲል የዋለ አፍ ቤቱ ሲገባ በምን አቅሙ እውነት ያወራል? ትምህርት ቤት ገብቶ ይታረም እንዳትሉኝ ደግሞ፣ ገብቻለሁ። እኔ አልተውኩትም፤ እሱ ነው የተወኝ።

እሑድ ጠዋት ነበር። ዋናተኛው እንደ ጉንዳን ውሃው ዳር ፈስሷል። እኔ ከእንጨቱ መቆሚያ ላይ ሆኜ እየጮህኩ ሳለሁ ከእኔ የበለጠ የሚጮህ ሰው ሰማሁ።

«ደም! ኧረ ደም!»

ሁለት ዋናተኞች አንድ ሰው በብብቱ ይዘው ወደ ዳር ይጎትታሉ። ጠላቂው ነው። ከተማችን የሚጠጣው ውሃ ከሐይቁ በትልቅ ቱቦ ይሳባል፤ የቱቦው አፍ ላይ ያለውን የብረት ወንፊት ሣርና ፌስታል ሲደፍነው ጠልቆ የሚያጸዳው እሱ ነው። ጭኑ ላይ ሦስት ቁስል ጎን ለጎን ተሰልፏል፤ ዳቦ በቢላዋ እንደተመተረ። ጀልባ የሚያውቅ ሰው ይህን አይቶ ሐኪም አይጠይቅም። ፕሮፔለር ነው፤ ከሞተሩ ሥር የሚሽከረከረው ምላጭ።

ወዲያው ከድንጋዮቹ ጀርባ የጥበቃ ጀልባው መጣ። መጣ ስላችሁ በራሱ ጉልበት አይደለም፤ ዓሣ አጥማጁ በቀዘፋ ታንኳው እየጎተተው። የመንጠቆ ክር ሞተሩ ላይ ተጠምጥሞ አቁሞት ኖሯል። የጀልባው ነጂ የሐይቁ ደኅንነት ኃላፊ ነው። «ሃምሳ ሜትር» እንለዋለን፤ ትክክለኛ ስሙን እናቱም የረሳችው ይመስለኛል። ፊሽካው ከአንገቱ አይወርድም። ጠላቂ ውሃ ውስጥ ሲኖር፣ መሐሉ ላይ ሰያፍ ነጭ መስመር ያለበት ቀይ ባንዲራ ውሃው ላይ ይቆማል፤ ከዚያ ባንዲራ ጀልባ ሃምሳ ሜትር ይራቅ፣ መቅረብ ግድ ከሆነ ሞተሩን ያንሣ፣ ይቅዘፍ። ይህን ለዶሮዎቻችን ሳይቀር ያስተማረ እሱ ነው።

ያን ቀን ዘልሎ ወረደ፤ ቀበቶውን ፈትቶ የጠላቂውን ጭን ጠፍንጎ አሰረ፤ ደሙም ቆመ። ሐኪሙ ኋላ «ቀበቶው ባይኖር ሰውየው አይኖርም ነበር» ብሏል። ይቺን በአንድ ኪሳችሁ ያዙልኝ።

ባንዲራው የት ተገኘ? ጠላቂው ከተገኘበት በጣም ርቆ፣ ከውሃ በላይ ብቅ ባለች አሮጌ የብረት ምሰሶ ላይ ታስሮ፣ ምንም እንዳልሆነ ሰው እየተውለበለበ።

*

ሳጅናችን ፈጣን ሰው ነው። ምሳ ሳይደርስ ጥፋተኛ አገኘ፤ የእህቴን ባል!

የእህቴ ባል የታክሲ ጀልባ ነጂ ነው። ጋሼ ቀስታ ይባላል። ከእሱ ጀልባ ላይ ዔሊ ወርዳ «እኔስ ልቅደም» ብላለች ይባላል። (ማን ይላል? እኔ።) ያን ጠዋት ተሳፋሪዎቹን ማዶ አድርሶ ባዶውን ሲመለስ ጠላቂው በሚሠራበት በኩል አልፏል፤ የፕሮፔለሩ አንድ ጥርስም ተሰብሮ ተገኘ። በቃ። ማረፊያ ክፍል ገባ።

ሮጬ ጣቢያ ሄድኩ። «ሳጅን፣ እኔ በዓይኔ አይቻለሁ! ሞተሩን አንሥቶ እየቀዘፈ ነው ያለፈው።»

ሳጅኑ እስክሪብቶውን እንኳ አልከፈተም። «ባለፈው ወር ሐይቁ ውስጥ ባሕር ሰርጓጅ አየሁ ብለህ ጣቢያውን በሙሉ ውሃ ዳር ያሰለፍክ አንተ አይደለህም?»

«ያ ሌላ ነው። ያ ቀልድ ነው።»

«ይህም ቀልድ ነው። ጠላቂው ከባንዲራው ርቆ መሄዱ ጥፋት ቢሆንም፣ የመታው መታው ነው። ነገ ጠዋት መኪናው ወደ ዋናው እስር ቤት ይወስደዋል።»

እህቴ ቤት ስገባ በሩ ላይ ቆማለች።

«ምን አሉህ?»

«አላመኑኝም እትዬ።»

«ዕድሜህን ሙሉ ስትቀጥፍ ኖረህ፣ ለባሌ አንዲት እውነት ብትፈልግ መግዣ አጣህ አይደል?» አለችና በሩን ዘጋችብኝ። ተሰድቤ አውቃለሁ፤ እንዲህ የገባችብኝ ስድብ ግን የለችም።

*

ከሰዓት በኋላ ከዋናው መምሪያ መርማሪ መጣች። አጭር ሴት ናት፤ ጠፍጣፋ ጫማ፣ ቀኝ እጇ ላይ ሎሚ። ውሃ ያዞራታል፤ ሐይቁን ባየች ቁጥር ሎሚዋን ታሸታለች። እንዲህ ያለችዋን ሴት ለሐይቅ ጉዳይ የላከውን አለቃ አንድ ቀን አግኝቼ እጁን ብጨብጠው ደስ ይለኛል።

«እጥፍ የሚሉህ አንተ ነህ?»

«ጠላቶቼ ናቸው እንዲህ የሚሉኝ።»

«ወዳጆችህስ?»

«እነሱም እንደዚያው።»

ሎሚዋን አሸተተች። «ያየኸውን ንገረኝ። አንተ እጥፍ አድርገህ አውራ፤ እኔ ግማሹን እየቆረጥኩ እሰማለሁ።»

ደስ አለኝ። እንዲህ ብሎ የሰማኝ ሰው ኖሮ አያውቅም። «ጋሼ ዋናተኞቹ ጋ ሲደርስ ሞተሩን አነሣ። መቅዘፊያውን ይዞ ቀዘፈ። ላቡ እንደ ጎርፍ ወረደ፤ ሐይቁ በላቡ አንድ ክንድ ሞላ።»

«ሐይቁን ተወው። ሞተሩ ተነሥቷል?»

«ተነሥቷል።»

«ግማሹን ልቁረጠው?»

«የተነሣ ሞተር ግማሽ የለውም እመቤቴ።»

አየችኝ፤ ከዚያ ወደ ማረፊያ ክፍሉ አመራች። ሳጅኑም እኔም ተከተልን። ጋሼ ቀስታ አግዳሚው ላይ ተቀምጦ፣ ዘመድ ጥየቃ የመጣ ይመስል ሲያየን ቦታ ለቀቀልን።

«ለምን ቀዘፉ?» አለችው።

«ሰው ነበራ። ዋናተኛ አለ፣ ከሥርም ጠላቂ አለ። ሞተር ዓይን የለውም ኢንስፔክተር።»

«እጅዎን ያሳዩኝ።»

ዘረጋላት። መዳፉ ላይ ውሃ የቋጠሩ አራት እብጠቶች፣ ሁለቱ ፈንድተዋል። ሃያ ዓመት በሞተር የኖረ እጅ ድንገት መቅዘፊያ ሲይዝ እንዲህ ይሆናል። ከዚያ ወጥታ የተሰበረውን ፕሮፔለር በጣቷ ዳሰሰችው።

«ሳጅን፣ አዲስ ስብራት ያበራል። ይሄ ጠቁሯል፤ የሐይቁ ዝልግልግም በቅሎበታል። ሰንብቷል።»

«ያው ሊሆን ይችላል፣ ግን…» አለ ሳጅኑ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ሳጅናችን ሁለቱንም ነው።

«ለእኔ ይበቃኛል፤ ለአለቆቼ ግን አይበቃም» አለች ወደ እኔ ዞራ። «እሱ አይደለም ስላቸው ታዲያ ማን ነው ይሉኛል። መኪናው ጠዋት ከመነሣቱ በፊት ሌላ ስም ያስፈልገኛል። ና ምራኝ።»

«እኔ? ለምን እኔ?»

«በዚህ ዳር የሚዋሸውን ሁሉ ከአንተ በላይ የሚያውቅ አለ?»

እንዲህ ያለ ሹመት አግኝቼ አላውቅም።

*

ሳጅኑ በመንገድ ላይ ሁለተኛ ጥፋተኛ አገኘ። የሆቴሉ ፈጣን ጀልባ ነጂ፣ መብረቅ የሚሉት ጎረምሳ። ዋናተኛው በሙሉ ይረግመዋል።

መብረቅ ጥቁር መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ተቀበለን።

«ዛሬ ጠዋት የት ነበርክ?» አለችው።

«ሐይቁ ላይ ነዋ! ደሴቲቱን በአንድ ትንፋሽ ዞርኳት።»

«ዋናተኞቹ አጠገብ አልፈሃል?»

«ሳልፍ የነፋሱ ብዛት የሁሉንም ፀጉር አበጠረው።»

ሳጅኑ ካቴናውን አወጣ። እሷ ግን «ጀልባህን አሳየን» አለች።

የመብረቅ ፊት እንደ አመድ ሆነ። ከሆቴሉ ጓሮ፣ የቆርቆሮ መጋዘን ውስጥ ጀልባው እንጨት ላይ ተቀምጧል። ሞተሩ ተበታትኖ ግማሹ ጠረጴዛ ላይ፣ ግማሹ የልብስ ማጠቢያ ሳፋ ውስጥ። ከመሪው እስከ ወንበሩ ድረስ ሸረሪት አድርታለች።

መርማሪዋ ድሩን አየችው። «ይቺ ሸረሪት ይህን ሁሉ የሠራችው አንተ እየበረርክ ነው?»

«እባክዎት ለሰው አይንገሩብኝ» አለ መብረቅ። «ከተበላሸ ሳምንት አለፈው። እንግዶቹ መብረቅ እያሉኝ በእግሬ ስሄድ ሊያዩኝ ነው?»

ሰውየው ለጉራው ሲል እስር ቤት ሊገባ ነበር! እኔን ውሸታም ይሉኛል። በሙያ ባልደረብነት ምስጢሩን እስከ ዛሬ ጠብቄለታለሁ።

*

የጠላቂው ሚስት ልብስ ሰፊ ናት። ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ፣ ክር የገባበት መርፌ ኮሌታዋ ላይ እንደሰካች ተቀምጣለች። ባሏ ከቀዶ ጥገና ወጥቶ ተኝቷል፤ እግሩ ይተርፍ አይተርፍ ገና አልታወቀም።

«ባለቤትዎ ሲጠልቅ ባንዲራውን ምሰሶ ላይ ያስራል?» አለች መርማሪዋ።

«እሱ? በፍጹም! ባንዲራው ከወገቡ ተለይቶ አያውቅም። በብርቱካንማ የናይለን ገመድ ከቀበቶው ጋር ይያያዛል። እሱ ከሥር ሲሄድ ባንዲራው ከላይ እንደ ጥጃ ይከተለዋል። ‹ጥላዬ› ነው የሚለው። እኔ ነኝ የሰፋሁለት።»

«ገመዱስ የታለ?»

ከፌስታል ውስጥ የመጥለቂያ ቀበቶውን አወጣች። አንዲት ስንዝር የምትሆን ብርቱካንማ ገመድ ተንጠልጥላበታለች፤ ጫፏ በቢላዋ አልተቆረጠም፤ ተበጥሷል፣ በግለትም ቀልጧል። ከዚያ መርማሪዋ ምሰሶው ላይ ያለውን እስር በስልኳ ፎቶ አሳየቻት። ባንዲራው በብርቱካንማው ገመድ ቅሪት ነው የታሰረው።

«ይህን ቋጠሮ ያውቁታል?»

ሚስትየዋ በሐዘኗ መሐል ሳቅ ቀደማት። «ባሌ? ቋጠሮ? ኧረ የጫማውን ማሰሪያ እንኳ እንደ ሽምብራ ሥር ነው የሚያጠላልፈው፤ ማታ ማታ በመርፌ የምፈታለት እኔ ነኝ። ይሄማ እንደ መጽሐፍ ሥዕል ነው።»

ስንወጣ መርማሪዋ ደረጃው ላይ ቆመች።

«ሳጅን፣ ጠላቂው ከባንዲራው አልራቀም። ባንዲራውን ነው ከእሱ ያራቁት። የመታው ሰው አይቷል፤ ከዚያም ጥፋቱን ለተመታው ሊያሸክም ደክሟል።»

ሳጅኑ ካቴናውን ወደ ኪሱ መለሰ። ሲመልሰው ሳይ የመጀመሪያዬ ነው።

*

በጋሼ ቀስታ ጀልባ እኔው ነዳሁ፤ ሳጅኑ ከፊት፣ መርማሪዋ ሎሚዋን አፍንጫዋ ላይ ለጥፋ መሐል ተቀመጠች። ጠላቂው ከተገኘበት ቦታ ራቅ ብሎ አንድ ቢጫ ተንሳፋፊ ብቻውን ይወዛወዛል።

«ምንድነው እሱ?» አለች ከሎሚው ጀርባ።

«ድንበር ነው። ጀልባ ከዚያ እንዳያልፍ። ሁሌ አራት ናቸው።»

«ዛሬ ለምን አንድ ሆነ?»

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ጥያቄው ገና ያኔ ነው ወደ ጭንቅላቴ የመጣው። ከዋናተኛ እስከ ጀልባ ነጂ ሁላችንም ቀኑን ሙሉ አይተናታል።

ከድንጋዮቹ ጀርባ ዓሣ አጥማጁ ታንኳው ላይ ተቀምጧል። ዝምታ እንለዋለን። ጠላቂው ዓሣ ይበትንብኛል ብሎ ሰሞኑን ተጣልቶት ነበርና ሳጅኑ ሦስተኛ ጥፋተኛ ሊያደርገው ቋምጧል። አንድ ቃል ለማውጣት አንድ ክረምት የሚያስብ ሰው ነው፤ ያን ቀን ግን ተናገረ።

«ከደሙ ጩኸት በፊት ምን ያደርጉ ነበር?» አለችው መርማሪዋ።

«አምባዛ ያዘልኝ። ጎተተ። ታንኳዬን ይዞ ዞረ።»

«ምን ያህላል?»

ዝምታ እጁን ዘረጋ። አልበቃውም። የእኔን እጅ ይዞ ዘረጋ፤ እሱም አልበቃውም። ከዚያ ታንኳውን ከጫፍ እስከ ጫፍ አየና ተወው።

«ከዚያስ?»

«ሃምሳ ሜትር መጣ። ክሬ ላይ ወጣ። ሞተሩ ጠቀለለው። ዓሣው ሄደ።» አረንጓዴውን ወፍራም ክር አሳየን፤ ተቆርጧል። «ስንፈታ ቆየን። ከዚያ ጩኸቱን ሰማን።»

«ጩኸቱ ሲሰማ አብሮዎት ነበር ማለት ነው?»

«ነበረ።»

ሳጅኑ እፎይ አለ። «እንግዲህ ኃላፊው ንጹሕ ነው!»

«ማን ጠረጠረው ሳጅን?» አለች መርማሪዋ። ሳጅኑ ማንም እንዳልጠረጠረው ገባውና ኮፍያውን አስተካከለ።

ዝምታ ግን አልጨረሰም። ክሩን እየጠቀለለ «ሁሌ ዞሮ ነው የሚያልፈኝ» አለ። «መንጠቆ ጥዬ ባየኝ ቁጥር ከጀርባዬ ዞሮ፣ ቀስ ብሎ፣ እጁን አንሥቶ። ዛሬ አልዞረም። አላየኝም። ዓይኑ ሌላ ቦታ ነበር።»

*

ወደ ዳር ተመለስን። ጠላቂውን ያወጡት ሁለቱ ዋናተኞችና የጠዋቱ ሰዎች ተሰባስበው ነበር። መርማሪዋ መሬት ስትረግጥ ሎሚዋን ኪሷ ከተተች፤ ያኔ ድምፅዋም ተለወጠ።

«ዛሬ ጠዋት ወደ ባንዲራው የቀረበ ማነው?»

«ማንም» አለ አንዱ ዋናተኛ። «የታክሲው ጀልባ በሩቁ አልፏል። እሱም እየቀዘፈ።»

«ይኸው!» አልኩ። ማንም አላየኝም።

«እርግጠኛ ናችሁ? ማንም?»

«ወደ ባንዲራው የቀረበ ሰው የለም» አለች አንዲት ሴት ፎጣዋን እየጨመቀች። «ብናይ እንጮህበት ነበር። ስለ ባንዲራው እኮ እኛ ዳር ላይ ቀልድ የለም።»

«ደግ። ያቺን ቢጫ ተንሳፋፊ ማን ጣላት?»

«እሱማ ሃምሳ ሜትር ነው» አሉ በአንድ አፍ።

«እንዴት አድርጎ ነው የሚለካት?»

እኔ ነኝ ያብራራሁት፤ ትንፋሼ እያጠረኝ። የሃምሳ ሜትር አሠራር ይህ ነው፦ ሃምሳ ሜትር የሚሆን መለኪያ ገመድ አለው። ጫፉ ላይ ያለውን ቀለበት የጠላቂው ባንዲራ ዘንግ ላይ ያጠልቃል፤ ከዚያ ገመዱ እስኪወጠር ነድቶ ቢጫውን ይጥላል። ተመልሶ ደግሞ ሁለተኛውን፤ እንዲህ እያለ አራቱንም።

«ቀለበቱን ለማጥለቅ ባንዲራው ድረስ ይሄዳል?»

«አዎ… ይሄዳል።»

«በሞተር?»

ዋናተኞቹ ተያዩ። ሴትዮዋ ፎጣዋን መጭመቅ አቆመች።

«በሞተር ነው» አለች ቀስ ብላ። «ግን እሱ እኮ… እሱ አይቆጠርም። እሱ የሚጠብቀን ነው።»

ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ያሉት ይህንኑ ነው። በየቀኑ፣ በሁላችንም ዓይን ፊት፣ ባንዲራውን የሚጠብቀው ሰው በባንዲራው ላይ ሲነዳበት ነበር። አንድም ሰው አላየም ብላችሁ አትዘኑብን፤ ሁላችንም አይተን፣ ሁላችንም አልቆጠርነውም።

*

የጀልባ መካኒኩ መሥሪያ ከመቆሚያው ጀርባ ያለ ዳስ ነው። የጥበቃ ጀልባው እዚያ ቆሟል። ሃምሳ ሜትር ሞተሩ አጠገብ ቆሞ አገኘነው፤ ሸሚዙ ላይ የጠላቂው ደም ደርቋል፤ ቀበቶ የለውም።

«ሞተርዎን ልናይ ነው» አለች መርማሪዋ።

«ይዩ እንጂ። የዝምታ ክር ነበር የተጠመጠመው፤ ቆርጬ አጽድቼዋለሁ።»

«የሚታየውን ብቻ» አለች መርማሪዋ።

መካኒኩ ጎንበስ ብሎ ዳዶውን ፈታ፤ ፕሮፔለሩን ሳብ አድርጎ አወጣ። የሚሽከረከርበት ዘንግ ላይ አረንጓዴ ክር እንደ ስፌት መኪና ክር ጥቅጥቅ ብሎ ተጠምጥሟል።

«ይኸው የዝምታ ክር» አለ ሳጅኑ። «ያለውን ነው ያገኘነው።»

መርማሪዋ ፒንሳ ተቀበለችና ተንበረከከች። ክሩን ራሷ ትፈታ ጀመር። አረንጓዴ። አረንጓዴ። አሁንም አረንጓዴ። ዳሱ ውስጥ ካለነው አንዳችንም አልተነፈስንም፤ ውጭ ያሉት ወፎች እንኳ… ይሁን፣ ወፎቹን ተዉአቸው።

ከአረንጓዴው ሥር፣ ብረቱ ላይ ተጣብቆ፣ በግለት ቀልጦ፣ ብርቱካንማ ገመድ ብቅ አለ።

ፒንሳውን አስቀመጠች። «ሞተር የዋጠውን እንደ ሰው አያምታታም። መጀመሪያ የበላው ከሥር ነው፤ በኋላ የበላው ከላይ። የዝምታ ክር ላይ የወጡት ጩኸቱ ከመሰማቱ በፊት ነው፤ ዝምታም መስክሮልዎታል። የጠላቂውን ገመድ የበሉት ደግሞ ከዝምታ ክር በፊት ነው። ቢጫዋን የመጀመሪያዋን ጥለው፣ ለሁለተኛዋ ወደ ባንዲራው ሲመለሱ።»

ሃምሳ ሜትር ፊሽካውን በጣቱ ያዘ። ብዙ ጊዜ ሲይዘው አይቻለሁ፤ ያኔ ግን ሊወድቅ ሲል የሚደግፈው ነገር የያዘ ሰው ይመስል ነበር።

«ገመዱ ተያዘ» አለ። «ሞተሩ አጓራ፣ ዘለለ፣ ከዚያ ተበጠሰ። ባንዲራው ብቻውን ተንሳፈፈ። እኔ… ገመድ ብቻ የቆረጥኩ መሰለኝ። የደኅንነት ኃላፊው የጠላቂ ገመድ ቆረጠ ሊሉ ነው አልኩ። ዋናተኛው ሁሉ ሊስቅብኝ። ባንዲራውን ይዤ ምሰሶው ላይ አሰርኩት፤ ለሰው ጠላቂው ራሱ አስሮት የራቀ ይምሰል ብዬ። ወደ ታች አላየሁም።»

«ለምን አላዩም?»

«ብመለከት የማየው ነገር እንዳለ ታውቆኝ ነበር መሰለኝ።»

«ሌላው ሰው ሲታሰርስ?»

ፊቱን አዞረ። እኔ የእህቴን ባል አስቤ ልሰድበው አፌን ከፍቼ ነበር፤ ከዚያ ቀበቶ የሌለውን ሱሪውን በአንድ እጁ ደግፎ ሲቆም አየሁትና ስድቡ ጉሮሮዬ ላይ ቀረ። ሰውየው ያን ቀን አንድ ሰው መትቷል፤ ያንኑ ሰው አድኗል፤ ሌላ ሰው ደግሞ በእሱ ጥፋት እንዲታሰር ትቷል። አንዱን ወስደህ ሌላውን ተው ብላችሁ አትሟገቱኝ። እኔ የማጋንን ሰው ነኝ፤ ይህ ግን ሳልነካው እንዲሁ ነበር።

*

ጋሼ ቀስታ በሚቀጥለው ጠዋት መኪናው ሳይነሣ ተፈታ። ሳጅኑ በር ላይ ቆሞ «ይቅርታ ጋሼ፣ ቸኩዬ ነው» ሲለው «መቸኮል ነው ልጄ፤ እኔ ሁሌ የምለው ይህንኑ ነው» ብሎት ወጣ። ከጣቢያ እስከ ቤት በእግር ዐሥር ደቂቃ የማይሞላው መንገድ ግማሽ ቀን ፈጀብን። እህቴ በሩን ከፈተች። መጀመሪያ ባሏን አቀፈች፤ ከዚያ እኔን አየችኝ።

«ለካ እውነት ትናገር ኖሯል።»

«አንዴ ነው እትዬ፤ አይለምደኝም።»

«ግባ አንተ ቀጣፊ» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ በሩ ክፍት ነው።

መርማሪዋ ከመሄዷ በፊት ዳር ላይ የነበሩትን ሰዎች ሰብስባ አንድ ነገር ብቻ ነው የተናገረችው። «ከዛሬ ጀምሮ ወደ ባንዲራው የቀረበ ሁሉ ይቆጠር። ጠባቂም ቢሆን፣ ፖሊስም ቢሆን፣ እኔም ብሆን።» ሎሚዋን ለእኔ ሰጥታኝ ሄደች። ዛሬ ድንበር የሚጣለው በቀዘፋ ታንኳ ነው፤ ዝምታ ነው የሚቀዝፈው። ዓሣ ባይኖርም ደስተኛ ይመስላል፤ ማንም አያናግረውም።

ጠላቂው እግሩ ተረፈለት። በነቃ በማግስቱ ሃምሳ ሜትርን ሳጅኑ ይዞት ወደ ሆስፒታሉ መጣ፤ ራሱ ነው ውሰዱኝ ያለው። እኔ ብርቱካን ይዤ ልጠይቅ ገብቼ አልጋው አጠገብ ነበርኩ። ሃምሳ ሜትር ከበሩ ላይ ቆመ። ራቅ ብሎ፤ እንደ ልማዱ። ከዚያ አንድ አንድ እርምጃ እየቀረበ አልጋው ድረስ መጣና ፊሽካውን ከአንገቱ አውልቆ አንሶላው ላይ አስቀመጠ። «ይቅር በለኝ» አለው።

ታሪኩ ይኸው ነው። መጀመሪያ ላይ ምያለሁ፤ መሐላዬንም አላፈርስም፤ አንዲት ነገር ብቻ ከራሴ ጨምሬበታለሁ። አምባዛው ነው ብላችሁ ጠርጥራችሁ ይሆናል። አምባዛውን አትንኩብኝ! አምባዛው እውነት ነው፤ ዝምታን ጠይቁት፣ ክረምት የሚጠብቅ ትዕግሥት ካላችሁ። የጨመርኩት «ይቅር በለኝ» የምትለዋን ቃል ነው። ሃምሳ ሜትር አፉን ከፍቶ ነበር፤ ድምፅ ግን አልወጣውም። ፊሽካውን አስቀምጦ፣ ዞሮ፣ ከሳጅኑ ጋር ሄደ።

ታሪኩን መጀመሪያ መቆሚያው ላይ ሳወራ ጠላቂው ክራንቹን ተደግፎ ከሰሚው መሐል ነበር። እዚያች ቃል ላይ ስደርስ ያጋልጠኛል ብዬ ዓይን ዓይኑን አየሁት። እስከ መጨረሻው አዳመጠኝ። ሰው ከተበተነ በኋላ ግን ጠጋ ብሎ ትከሻዬን ያዘኝ።

«እጥፍ፣ ያቺን አትቀንሳት። አፉ ላይ ደርሳ ነበር፤ አይቻታለሁ።»

አልቀነስኳትም። የቀረውን ግማሽ ግማሹን እየቆረጣችሁ ውሰዱት፤ ከአምባዛው በቀር።